በ20 ደቂቃ ምን ይደርሳል? ቾፕድ ላይ ለመወዳደር ለምታስቡ

ቾፕድን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ ፉድ ኔትወርክ ላይ የሚታይ የአሜሪካ የምግብ ውድድር ነው። አራት ሼፎች ይገባሉ። ዙሩ ሦስት ነው፤ መክፈቻ፣ ዋና ምግብ፣ ጣፋጭ። በየዙሩ ፊታቸው የተዘጋ ቅርጫት ይቀመጣል። ሲከፍቱት ብዙ ጊዜ አራት ነገር ያገኛሉ፤ አራቱንም መጠቀም አለባቸው። ለመክፈቻው 20 ደቂቃ፣ ለዋናውና ለጣፋጩ ደግሞ 30፣ 30 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ሦስት ዳኞች ይቀምሱና በየዙሩ አንድ ሰው ይሰናበታል። መጨረሻ ላይ የቀረው 10,000 ዶላር ይዞ ይወጣል።

ይህን ፕሮግራም ለዓመታት ተከታትያለሁ። እዚህ ሜሪላንድ በሐበሻ ምግብ ቤቶች ኩሽና የሚሠሩ፣ እጃቸው የሚጣፍጥ ወጣቶች አውቃለሁ። ከነሱ አንዷ በቀደም «እኔስ ባመለክት?» ብላ ጠየቀችኝ። አመልክቺ አልኳት፤ ከልቤ ነው ያልኳት። ግን አመልክቺ ብሎ ዝም ማለት ደግሞ ደግ አይደለም። እዚያ መድረክ ላይ ጎበዝ ሰው እንዴት እንደሚወድቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደሷ ለሚያስቡትም ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ከሁሉም በፊት የማምንበትን ልናገር። እዚያ የሚገቡት ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ። የራሳቸው ሬስቶራንት ያላቸው አሉ፣ የትልልቅ ቤቶች ሼፎች አሉ። ሽንኩርት ሲከትፉ ብቻ ማየት ያስደንቃል። የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ ቅርጫቱ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ሰዓቱ የማይበቃውን ምግብ ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ የምናየው ሩጫ፣ ላብ፣ ሳህን ላይ ሳይደርስ ድስት ውስጥ የቀረ ሶስ፣ ሁሉም ከዚያች ምርጫ የመጣ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ።

ሪሶቶን እንይ። የጣሊያን የሩዝ ምግብ ነው፤ ሩዙ በትኩስ ሾርባ ቀስ በቀስ እየራሰ፣ እየተማሰለ ነው የሚበስለው። ሾርባው መግባት ከጀመረ በኋላ ብቻ 18፣ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። የመክፈቻው ዙር ደግሞ ጠቅላላ 20 ደቂቃ ነው። ሽንኩርቱ ሳይከተፍ፣ ድስቱ ሳይግል፣ ተወዳዳሪዎቹ ሌላ ዕቃ ከሚያነሱበት ጓዳ ተሸክሞ ሳይመለስ ማለት ነው። ሆኖም በየጊዜው አንድ ሰው ይነሳና «ሪሶቶ እሠራለሁ» ይላል። ዳኞቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔም ሶፋዬ ላይ ሆኜ «ተው!» እላለሁ። ሩዙ ጥርስ ስር ይንኮሻኮሻል፣ ሰውየውም ይሄዳል። ቶፕ ሼፍ የሚባለውን ሌላውን ውድድር የምታዩም ይህን ታውቃላችሁ፤ እዚያም ሪሶቶ የስንቱን እግር ጠልፏል።

የእኛ ሪሶቶ ዶሮ ወጥ ነው።

ለሐበሻ ተወዳዳሪ ትልቁ ፈተና እዚህ ጋ ይመስለኛል። የምንኮራበት ምግብ ጊዜ ይፈልጋል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል፣ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ገብቶ ውኃውን እስኪጨርስ ይቁላላል፣ ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ እንዳያር ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገበት እንደገና ይቁላላል። ቁሌቱ ብቻ በደንብ ከተሠራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዶሮው በ12 ብልት ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ገና ሳይገባ። ይህን በ30 ደቂቃ አደርሳለሁ ያለ ሰው የሚያቀርበው ሽንኩርቱ ጥሬ የሆነ ቀይ ሾርባ ነው። ፕሬዠር ኩከር አለ ትሉ ይሆናል። አለ፤ ተወዳዳሪዎችም ይጠቀሙበታል። ዶሮውን ያበስልላችኋል። ቁሌቱን ግን አያደርስላችሁም። ቁሌት የሚጣፍጠው ውኃው ሲተን ነው፤ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ውኃው የሚሄድበት የለም።

ስለዚህ ዶሮ ወጥን ተዉት። እንደሚከፋ አውቃለሁ። ዓለም ሁሉ ሲያየን ይዘን የምንወጣው እሱ እንዲሆን ሁላችንም እንመኛለን። ግን ተቻኩሎ የተሠራ ዶሮ ወጥ ቀርቦ ዳኛ ፊቱን ሲያጨማድድ ከማየት ሳይቀርብ ቢቀር ይሻላል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ከእኛ ምግብ ውስጥ ለዚያ ሰዓት የሚሆነው ብዙ ነው። ጥሩ ቀይ ሥጋ ከመጣ ክትፎ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፣ ጊዜም ይተርፋል። ታርታር የሚባለውን የፈረንጅ ጥሬ ሥጋ የለመደ ዳኛ ጥሬ ሥጋ አያስደነግጠውም፤ ለብ ባለ ንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ የተለወሰ ሥጋ ግን ሁሌ አያገኝም። ጥብስም እንዲሁ ነው። መጥበሻው በደንብ ከጋለና ሥጋው ካልተጨናነቀ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ ስልስ፣ ፍርፍር፣ አዋዜ፣ ሁሉም ፈጣን ናቸው።

ዱለት ላይ ትንሽ ልቆይ። ቾፕድ ቅርጫት ውስጥ ሆድ ዕቃ ማስገባት ይወዳል፤ ጉበት፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ። ቅርጫቱ ሲከፈት የሰዎቹን ፊት ተመልከቱ። ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነክቶ የማያውቅ ሼፍ በእጁ አንስቶ እያገላበጠ ያየዋል። አብዛኛው ዱቄት አንከባሎ ዘይት ውስጥ ይጨምረዋል፣ ወይም ሌላ ነገር ስር ይደብቀዋል። የእኛ ሰው ግን ዱለት እያየ ነው ያደገው። ጨጓራው እንዴት እንደሚታጠብ፣ ምን ያህል ደቅቆ መከተፍ እንዳለበት፣ ጉበቱ ደርቆ አሸዋ ከመሆኑ በፊት መቼ ከእሳት እንደሚወርድ ያውቃል። ሌላው ሰው የሚፈራው ነገር ለእናንተ ሠርግ ነው። ጨጓራው ያልተቀቀለ ከሆነ ብቻ ተጠንቀቁ፤ በጣም ካልደቀቀ እንደ ጎማ ይሆናል። ያኔ ጉበቱን ዋና አድርጋችሁ ጨጓራውን እንደ በርበሬ ቅንጣት አድቅቃችሁ ጣል አድርጉት።

አሁን ስለ በርበሬ። የሐበሻን ጣዕም ለማሳየት ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ እሱ ነው። ግን በርበሬ መብሰል ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ብትነሰንሱት ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ትንሽም ይመራል። ሰዓት ካነሳችሁ ሽንኩርቱን በማሽን አድቅቁት፣ ጠባብ ድስት ትታችሁ ሰፊ መጥበሻ ላይ አድርጉት፤ ውኃው ቶሎ ይተናል። በርበሬውን ዘይትና ቅቤ ውስጥ በመካከለኛ እሳት ቢያንስ ጥቂት ደቂቃ አቁላሉት። ለዚያም ጊዜ ከሌላችሁ በርበሬን ተዉትና ሚጥሚጣ አንሱ። ሚጥሚጣ እንዲያው ቢነሰነስ ያምርበታል፤ ድሮም የሚበላው እንደዚያ ነው። በርበሬ ጓዳቸው ውስጥ ባይኖር ደግሞ እንዳትደናገጡ። ደረቅ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ አብሽ፣ ሄል። ኮረሪማ ከሌለ ሄል ቅርቡ ነው። እነዚህን ደረቅ መጥበሻ ላይ አሙቆ መፍጨት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን እቤት ብዙ ጊዜ ካልሠራችሁት ግን እዚያ ቆማችሁ ልክ ልካቸውን አታስታውሱትም።

በርበሬን በተመለከተ አንድ ዳኛ ማታለል አትችሉም። ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። የተወለደው ኢትዮጵያ ነው፣ ስሙም ካሳሁን ጽጌ ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ከእህቱ ጋር ስዊድን ሄዶ ጎተንበርግ አደገ። ምግብ የተማረው ሄልጋ ከምትባለው ስዊድናዊት አያቱ ነው። ኒው ዮርክ መጥቶ አኳቪት የሚባለው የስዊድን ሬስቶራንት ሼፍ ሆነ፤ በኋላ ሃርለም ላይ ሬድ ሩስተርን ከፈተ። አሁን ቾፕድ ላይ ዳኛ ሆኖ እናየዋለን። እሱ ራሱ ግን ተወዳድሮ ያሸነፈ ሰው ነው። በ2010 ቶፕ ሼፍ ማስተርስን ወሰደ። ፍጻሜው ላይ ከሪክ ሙኔን እና ከሱሱር ሊ ጋር ነበር የተፋጠጠው፤ የተሰጣቸውም ሥራ የሕይወታቸውን ታሪክ በምግብ እንዲናገሩ ነበር። ያገኘውን 100,000 ዶላር ለዩኒሴፍ ሰጠ። ስለ እሱ የሚገርመኝ ስዊድንን ከኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያን ከሃርለም ሲያገናኝ የማያፍር መሆኑ ነው። «ይህ የሐበሻ አይደለም» ይሉኛል ብሎ አይጨነቅም። እናንተም አትጨነቁ። ቅርጫት ውስጥ የመጣላችሁን የጃፓን ዓሣ በአዋዜ ብታቀርቡ ማንም ፓስፖርታችሁን አይቀማም። ማርከስ ከዳኞቹ መካከል ቢቀመጥ ግን ያዳላልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። እንዲያውም ጥሬ በርበሬ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያውቅባችሁ እሱ ነው።

ብዙ ካየሁ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር አለ፤ የእኛ ተወዳዳሪ ልብ እንዲለው የምፈልገው ትልቁ ነገርም ይህ ነው። ዳኞቹ ቀምሰው ደጋግመው የሚሉት «ኮምጠጥ የሚል ነገር ይጎድለዋል» ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የሆነ ነገር። አሁን የእኛን ገበታ አስቡት። ወጣችን ውስጥ ብዙም ኮምጣጣ የለም። ለምን? ኮምጣጣው እንጀራው ላይ ስላለ። ወጡ ቅቤ የበዛበት፣ ጨው ጠበቅ ያለ፣ የሚያቃጥል ሆኖ የተሠራው ከኮምጣጣ እንጀራ ጋር እንዲበላ ነው። እዚያ ግን እንጀራ የላችሁም። ሊጥ ለማብላላት ቀናት ይፈልጋል፣ እናንተ ያላችሁ 20 ደቂቃ ነው። ወጡን ብቻውን፣ ወይም በሩዝ፣ ወይም በዳቦ ስታቀርቡት ግማሹ ምግብ ጎድሏል ማለት ነው። ዳኛው ምን እንደጎደለ አያውቅም፤ «ከበደኝ» ይላል፣ «ጨው በዛው» ይላል። ስለዚህ እንጀራው የሚሠራውን ሥራ ሌላ ነገር ይሥራው። አይብ ከጎኑ፣ ሎሚ መጨረሻ ላይ፣ በኮምጣጤ የራሰ ቀይ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ፣ ዳጣ። እርጎ ካለ እርጎ። ይህን ያደረገ ሰው ጥብሱ ይነሳለታል።

ስለ ሽንኩርት ካነሳን፣ ስኮት ኮናንት የሚባለው ዳኛ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት እንደማይወድ ፕሮግራሙን የሚያይ ሁሉ ያውቃል። ቲማቲም ሰላጣችንን በጥሬ ሽንኩርት ሞልታችሁ ፊቱ አታስቀምጡ። ማን ቀማሽ እንደሆነ ማየት ሥራችሁ ነው። እንግዳ ስትጠሩ ምን እንደማይበላ አትጠይቁም እንዴ?

ጥርስ ላይ የሚሰማ ነገርም ያስፈልጋል። ምግባችን ለስላሳ ነው፣ ይህ ደግሞ አንድ ሳህን ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ይታወቃል። ለውዝ ቆልቶ ጨፍለቅ ማድረግ፣ ሰሊጥ፣ ቂጣ ቀጭን አድርጎ በዘይት ማድረቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው።

ወደ መቅመስ ልምጣ። ከእናቶቻችን የወረስነው አስደናቂ ችሎታ አለ። የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ቅዳሜ ነው፣ የ55 ቀኑ ጾም ሳይፈታ። አይቀመስም። እናቴ ክዳኑን ከፈት ታደርግና እንፋሎቱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ ሳብ ታደርገዋለች። ትንሽ ዝም ትላለች። «ጨው ይቀረዋል» ትላለች። ትጨምራለች፣ ታማስላለች፣ እንደገና ታሸታለች። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንበላው ልክ ነው። ይህን ለፈረንጅ ሼፍ ብታወሩለት አያምንም። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ለተወዳዳሪ የምለው ሌላ ነው። ቅመሱ። እናታችሁ የምታሸተው ሺህ ጊዜ የሠራችውን ምግብ ነው። እናንተ የምትሠሩት ከ20 ደቂቃ በፊት ያልነበረ ምግብ ነው፣ የማታውቁት ምድጃ ላይ፣ ምናልባት ቀምሳችሁት በማታውቁት ዕቃ። ብዙ ተወዳዳሪ አንድም ጊዜ ሳይቀምስ ሳህን ላይ ያወጣል። ከዚያ ዳኛው «ጨው የለውም» ይላል፤ ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ለሃያ ዓመት ያበሰለ ሰው በጨው ይወድቃል። ቅርጫቱ ሲከፈት አራቱንም ቅመሱ። ሶሱን ሲጀምር ቅመሱ፣ ሲያልቅ ቅመሱ። ማንኪያውን ግን በየጊዜው ቀይሩ፤ አፋችሁ የገባውን ማንኪያ መልሳችሁ ድስት ውስጥ ስትከቱ ዳኞቹ እያዩ ነው።

ከቀመሳችሁ በኋላ እያንዳንዱ ነገር ምን ይዞ እንደመጣ ጠይቁ። ጨው ነው? ስኳር ነው? ስብ ነው? ኮምጣጣ ነው? ለምሳሌ በዋናው ዙር ከዶሮው ጋር ከረሜላ ቢመጣባችሁ፣ ከረሜላ ማለት ስኳር ከማለት አይለይም። ኮምጣጤና ዝንጅብል ጨምራችሁ አቅልጡት፣ ዶሮው ላይ የሚቀባ ሶስ ሆነ። የድንች ቺፕስ ከመጣ ጨውም ኩሽኩሽታም ይዞ መጥቷል፤ ስለዚህ ሌላውን ጨው ቀንሱ። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት ቢመጣ ሎሚ መፈለግ አቆማችሁ ማለት ነው። ዳኞቹ የሚወዱት ዕቃው መልኩን ለውጦ ሥራ ሲሠራ ነው። ከረሜላውን እንዳለ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ «ተጠቅሜበታለሁ» ማለት ግን አያስኬድም።

ሳህኑ አራት ነው። ሦስቱ ለዳኞች፣ አንዱ ለእይታ። ይህ ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም፤ አንድ ትሪ ላይ አውጥቶ ሁሉም ከዚያ እንዲቆርስ ማድረግ ነው የለመድነው። አራት ሳህን ላይ እኩል ማድረስ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ለዚያ ብቻ አስቀምጡ፤ ምድጃው ላይ ያለው ሁሉ ከዚያ በፊት ይለቅ። ከቅርጫቱ አንዱን ዕቃ ረስቶ የቀረ ሰው ስንት ነው! ምድጃው ዳር በትንሽ ድስት ተቀምጦ ይቀራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ዘወር ብሎ ያየዋል። መርሳቱ ሁልጊዜ ባያስባርርም በጣም ይከብዳል። ዕቃው ካላማረ እንኳ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ አራቱም ሳህን ላይ አድርሱት።

ይህን ስል የእንግሊዙ የዳቦና ኬክ ውድድር ትዝ ይለኛል፣ ግሬት ብሪቲሽ ቤክ ኦፍ። በ2014 ኢየን የሚባል ተወዳዳሪ ቤክድ አላስካ ይሠራ ነበር። ኬክ፣ በላዩ አይስክሬም፣ በላዩ ሜሪንግ (በስኳር የተመታ የእንቁላል ነጭ) ማለት ነው። አይስክሬሙ ከፍሪዘር ወጥቶ ቆይቶ ቀለጠበት። ተናደደና ሁሉንም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጨመረው። ዳኞቹ ፊት የቀረበውም ቅርጫቱን ይዞ ነው። ያን ሳምንት የተሰናበተው እሱ ሆነ። እንግሊዝ አገር በሞላ ስለዚህ ተከራከረ። እኔ ለልጁ በጣም አዝኛለሁ፣ ሰው ነው። ግን ዳኛ የሚፈርደው ያለውን ነገር ቀምሶ ነው። የቀለጠ አይስክሬም ስር ጥሩ ኬክ ሊኖር ይችል ነበር። የፈሰሰውንም፣ ያረረውንም፣ የሚበላውን ክፍል መርጣችሁ አቅርቡ።

ካቀረባችሁ በኋላ ደግሞ አፋችሁን ጠብቁ። ይህን የምለው ስለ ይሉኝታ ነው። እኛ እንግዳ ጋብዘን አራት ዓይነት ወጥ አቅርበን «ምንም የለውም፣ እንዲሁ ብሉ» እንላለን። «ዛሬ እንኳ አልተሳካልኝም፣ ጨው አንሶታል መሰለኝ» እንላለን። እንግዳውም «ኧረ ቆንጆ ነው» ይላል። ደስ የሚል ባህል ነው፣ እወደዋለሁ። እዚያ መድረክ ላይ ግን «ኧረ» የሚላችሁ የለም። ሥጋው ትንሽ ሳይደርቅ አልቀረም ካላችሁ ዳኛው ድርቀቱን ፍለጋ ይገባል፣ ያገኘዋልም። ምን እንደሠራችሁ፣ ከየት እንደመጣ፣ ቅርጫቱ ውስጥ የነበረው የት እንዳለ ተናገሩና ዝም በሉ። ሲወቅሷችሁም አትከራከሩ። አመስግናችሁ ቁሙ።

ክሪስተን ኪሽን የማነሳው እዚህ ጋ ነው። ቶፕ ሼፍ 10ኛው ምዕራፍ ላይ ሬስቶራንት ዋርስ በሚባለው የቡድን ፈተና የወጥ ቤቱ አለቃ እሷ ነበረች። አንድ የቡድኑ አባል የሠራው ምግብ ወደቀ። ዳኞቹ ፊት ቆማ ጣቷን ወደዚያ ሰው አልቀሰረችም፤ አለቃዋ እኔ ነኝ ብላ ተቀበለች፣ ተሰናበተችም። ከዚያ የተሰናበቱት በሚፋለሙበት የጎን ውድድር አሸንፋ ተመለሰችና በ2013 አሸናፊ ሆነች። ከ2024 ጀምሮ የፕሮግራሙ አቅራቢ ራሷ ናት። ያን ቀን ሌላ ሰው ላይ ብትጮህ ኖሮ ሰው እንዲህ ይወዳት ነበር ብዬ አላስብም። ኩሽና ውስጥ የምትሠሩ ሁሉ ይህን ዓይነት አለቃ ታውቃላችሁ፣ የሌላውንም ዓይነት ታውቃላችሁ።

የቀረው ጣፋጩ ነው። እዚህ የእኛ ሰው ይፈራል። ቤታችን ከምግብ በኋላ የሚመጣው ቡና ነው፣ ኬክ የበዓል ነገር ነው። ግን እዚያ ያሉትም ሼፎች አብዛኞቹ ኬክ ሠሪ አይደሉም፤ ስለዚህ በጭንቅ ዳቦ በእንቁላልና በወተት ነክረው ይጋግራሉ ወይም ይጠብሳሉ። ዳኞቹ ያን አይተው አይተው ሰልችቷቸዋል። አይስክሬም ማሽኑ ላይም ሁለቱም ሰዎች ይሽቀዳደማሉ። ማሽኑ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ አታውጡ። ሁለት ሦስት ነገር በልባችሁ ያዙ። ለብስኩት በክብደት አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፤ ይህን መቼም አትረሱትም። ስስ አድርጋችሁ ከጋገራችሁት ቶሎ ይደርሳል። ከዚያ ጨጨብሳ አለላችሁ። ቂጣውን ስስ አድርጉት፣ ሰባብሩት፣ በቅቤ ደረቅ እስኪል ጥበሱት፣ ማርና ኮረሪማ። ከጎኑ ጠንካራ ቡና የገባበት ክሬም ምቱ። ቡናና ቅቤ የጠገበ ቂጣ የሚጠላ ዳኛ ካለ እኔም ላውቀው እፈልጋለሁ። በመጨረሻው ዙር ዳኞቹ የሚያዩት ሦስቱንም ሳህን አንድ ላይ ነው፤ መክፈቻችሁ ጥሩ ከነበረ ጣፋጩ ላይ ተአምር መሥራት አይጠበቅባችሁም።

ከማመልከታችሁ በፊት እቤት ሞክሩት። ለዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ጓደኛ ሱቅ ሂዶ አራት የማይገናኙ ነገሮችን ገዝቶ በከረጢት ያምጣ፤ እናንተ አታዩም። ስልክ ላይ ሰዓቱን 20 ሳይሆን 17 ደቂቃ ሙሉ። አራት ሳህን ቀድማችሁ ደርድሩ። ከተቻለ የሌላ ሰው ቤት፣ የማታውቁት ምድጃ ላይ ሥሩ። ስትሠሩ ጓደኛችሁ በእንግሊዝኛ «ምን እየሠራሽ ነው?» እያለ ይጠይቃችሁ፤ እዚያም ሰዓቱ እየሄደ፣ እጃችሁ እየሠራ መልሱ ትባላላችሁ። ክትፎ፣ ዱለት፣ ጨጨብሳ ምን እንደሆኑ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ተለማመዱ። ቀረጻው ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ የምትሠሩበት ቤት ባለቤት ቀድሞ ይወቅ። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ይህን ካነበበች፣ እሁድ ከሰዓት ኩሽናዬ ክፍት ነው፤ ከረጢቱን እኔ እሞላለሁ።